ሃምሳ ሎሚ ለሃምሳ ሰው
ስለ አረጋውያንና ስለ ድኆች የሕክምና መድን የቀረበ ትምህርት



ከጥቂት ዓመታት በፊት ከማኅበረ ምእመናኑ አንድ አባት ታመው ሆስፒታል መግባታቸውን ሰምተን ልንጠይቃቸው ሄድን። ስማቸውን አንጠቅስም፤ ታሪካቸውን ግን ለሌላው ትምህርት ይሁን ብለው እርሳቸው ራሳቸው ፈቅደውልናል። እኚህ አባት ወደዚህ አገር በስደት ከመጡ በኋላ 22 ዓመት በመኪና ማቆሚያ ሥራ ኖረው፣ ልጆቻቸውን አስተምረውና ድረው፣ በ64 ዓመታቸው ሥራ አቆሙ። ሥራው ሲቆም በመሥሪያ ቤቱ በኩል ያገኙት የነበረው የሕክምና ኢንሹራንስም አብሮ ቆመ። ሙሉ ጡረታ የሚከፈልበት ዕድሜ እስኪደርስ በቁጠባቸው ለመኖር ወሰኑ። የደም ግፊት መድኃኒታቸውን ከኪሳቸው ይገዙ ጀመር፤ ዋጋው ሲከብዳቸው አንዱን ክኒን ለሁለት ከፍለው ግማሹን ዛሬ፣ ግማሹን ነገ ይውጡት ነበር። ለልጆቻቸው አልተናገሩም፤ ለንስሐ አባታቸውም አልተናገሩም። 66 ዓመት ከአራት ወር ሲሆናቸው አንድ ማለዳ ግራ ጎናቸው አልታዘዝ አላቸው።

በሆስፒታሉ የምታገለግለው ሶሻል ወርከር ወረቀታቸውን ስትመረምር ያገኘችው ነገር ሁላችንንም አሳዘነን። እኚህ አባት በሠሩበት ዘመን ሁሉ ከእያንዳንዱ ደመወዛቸው ላይ ለሜዲኬር ሲቆረጥባቸው ኖሯል። ስለዚህ 65 ዓመት ከሞላቸው ጊዜ አንሥቶ የሕክምና መድን ለማግኘት ሙሉ መብት ነበራቸው። «ታዲያ ለምን አልተመዘገቡም?» ብለን ብንጠይቃቸው፣ «በስተርጅና የመንግሥት ተመጽዋች አልሆንም ብዬ ነው» አሉን። የገዛ ገንዘባቸውን እንደ ምጽዋት ቆጥረው ሸሽተውት ነበር።

ይህን ትምህርት ለማዘጋጀት ያነሣሣን ይኸው መልስ ነው። እንዲህ የሚያስቡት እርሳቸው ብቻ እንዳልሆኑ እናውቃለንና፣ ይህ መድን ምን እንደ ሆነ፣ ከየት እንደ መጣ፣ ምን እንደሚጠቅምና ገደቡ የት ላይ እንደ ሆነ በየተራ እንመለከታለን። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

፩. መድን ማለት ምን ማለት ነው?

ቃሉ የመሥሪያ ቤት ቃል ቢመስልም ነገሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ዕድር መድን ነው። አባላቱ በየወሩ ጥቂት ጥቂት ያዋጣሉ፤ ሞት የገባበት ቤት ድንኳኑን፣ ወንበሩን፣ ድስቱንና ንፍሮውን፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ሰዉን ያገኛል። ሃያ ዓመት ሙሉ ከፍሎ ቤቱ ሐዘን ያልገባበት ሰው «ገንዘቤ ባከነ» ብሎ ሲያማርር አልሰማንም፤ ይልቁንም ፈጣሪውን ያመሰግናል። ሐዘን የደረሰበትም ቤት ድንኳኑ ሲተከልለት «ተመጸወትሁ» ብሎ አያፍርም። አባቶቻችን «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ያሉት ይህንኑ ነው። በአገራችንም በ2011 በ13 ወረዳዎች በሙከራ የተጀመረው ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን የቆመው በዚሁ መሠረት ላይ ነው።

ይሁን እንጂ ዕድር በሁለት ነገር ይወሰናል። አንደኛ፣ የሚደርሰው በአብዛኛው ከሞት በኋላ ነው። እዚህ በስደት ምድር እንኳ አንድ ወገናችን ሲያርፍ አስከሬኑን ወደ አገር ለመላክ በአንድ ምሽት ገንዘብ ስናዋጣ የሚቀድመን የለም፤ ያው ሰው በሕይወት ሳለ መድኃኒቱን መግዛት አቅቶት እንደ ነበር ግን አንጠይቅም። ሁለተኛ፣ ዕድር ትንሽ ነው። መቶ አባላት ያሉት ማኅበር አንድ የልብ ቀዶ ሕክምና ወይም የአንድ ዓመት የኩላሊት እጥበት ቢደርስበት ሣጥኑ ባዶ ይሆናል። የሕክምና ወጪ እንዲህ ያለ ሸክም ስለ ሆነ ብዙ ሚሊዮን ትከሻ ይፈልጋል።

«ይህንስ የግል ኢንሹራንስ ኩባንያ አይሠራውምን?» የሚል ጥያቄ ይነሣ ይሆናል። ለወጣትና ለጤነኛ ይሠራዋል። ሽማግሌ ግን መታመሙ የታወቀ ነው፤ ስለዚህ ነጋዴው ወይ ዋጋውን ከፍ ያደርግበታል፣ ወይ አልቀበልህም ይለዋል። ይህ የነጋዴው ክፋት ሳይሆን የንግዱ ሒሳብ ነው። ድኃውም ዋጋው ዝቅ ቢል እንኳ የሚከፍለው የለውም። እንግዲህ መድን ከሁሉ በላይ የሚያስፈልጋቸው ሁለቱ ወገኖች፣ አረጋዊውና ድኃው፣ ገበያው ከሁሉ በፊት የሚተዋቸው ናቸው። የሕዝብ መድን ያስፈለገው ስለዚህ ነው።

፪. አመጣጡ

በአሜሪካ ሕዝባዊ ጡረታን ያቋቋመው የሶሻል ሴኩሪቲ ሕግ በ1935 ሲወጣ የሕክምና መድን አልገባበትም ነበር። ፕሬዚዳንት ሃሪ ትሩማን በኖቬምበር 1945 ለሕዝቡ ሁሉ የሚሆን የሕክምና መድን እንዲቋቋም ኮንግረሱን ጠየቁ፤ የሐኪሞች ማኅበርና ሌሎችም አጥብቀው ስለ ተቃወሙ ሳይሳካላቸው ቀረ። ከዚያ በኋላ ሃያ ዓመት ያህል አለፈ። በዚያ ዘመን ከአረጋውያኑ ግማሽ ያህሉ የሆስፒታል መድን አልነበራቸውም። አንድ ሽማግሌ ቢታመም ወይ ያጠራቀመውን ይጨርሳል፣ ወይ በልጆቹ ላይ ይወድቃል፣ ወይ የበጎ አድራጎት ደጅ ይጠናል።

በጁላይ 30 ቀን 1965 ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን ሚዙሪ ውስጥ ወዳለችው የትሩማን ከተማ ወደ ኢንዲፔንደንስ ሄደው ሜዲኬርንና ሜዲኬይድን ያቋቋመውን ሕግ በእርሳቸው ፊት ፈረሙ፤ የመጀመሪያውንም የሜዲኬር ካርድ የ81 ዓመቱ ትሩማን ተቀበሉ። የአገር መሪ የነበሩ ሰው ያን ካርድ ሲቀበሉ እንዳላፈሩ ልብ እንበል። መድኑ ሥራ የጀመረው በጁላይ 1 ቀን 1966 ሲሆን፣ ያን ጊዜ የተመዘገቡት አረጋውያን 19 ሚሊዮን ያህል ነበሩ።

እኛን በተለይ የሚነካን አንድ ነገር ደግሞ አለ። እስከዚያ ጊዜ ድረስ በደቡቡ ክፍል ብዙ ሆስፒታሎች ጥቁር ሕመምተኛን ጨርሶ አይቀበሉም፣ ወይም በተለየ ክፍል ያስተኙት ነበር። የ1964ቱ የሲቪል መብት ሕግ የመንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ተቋም በዘር ምክንያት ሰውን እንዳይለይ አዝዞ ስለ ነበር፣ የሜዲኬርን ገንዘብ የሚሻ ሆስፒታል ሁሉ ይህን ማክበር ግድ ሆነበት። በጥቂት ወራት ውስጥ ከአንድ ሺህ በላይ ሆስፒታሎች አሠራራቸውን ለወጡ። ዛሬ እኛ በነፃነት የምንገባበትን ደጅ የከፈቱልን እነዚያ የታገሉ ሰዎችና ይህ መድን ናቸው። በ1972 በወጣው ማሻሻያ ደግሞ ሜዲኬር 65 ዓመት ያልሞላቸውን የአካል ጉዳተኞችና ኩላሊታቸው ሥራ ያቆመባቸውን ሕሙማን እንዲጨምር ተደረገ።

፫. አሠራሩ

ሜዲኬር የዕድሜ መድን ነው። ሠራተኛው ከደመወዙ 1.45 በመቶ ይከፍላል፤ አሠሪው ያንኑ ያህል ይጨምራል። አሥር ዓመት ያህል የሠራና የከፈለ ሰው፣ ወይም የትዳር ጓደኛው እንዲሁ የሠራለት፣ 65 ዓመት ሲሞላው የሆስፒታሉን መድን፣ ማለት ክፍል ኤን፣ ያለ ወርኃዊ ክፍያ ያገኛል። የሐኪም፣ የምርመራና የመሳሰለው መድን ክፍል ቢ ይባላል፤ ለእርሱ በየወሩ መዋጮ አለ። መዋጮው በ2025 ለአብዛኛው ሰው 185 ዶላር ነበር፤ በየዓመቱም ይለዋወጣል። የመድኃኒቱ መድን ክፍል ዲ ሲሆን፣ በ2003 በወጣ ሕግ ተፈቅዶ በ2006 ሥራ ጀመረ። በ2022 በወጣው ሕግ ደግሞ የኢንሱሊን ዋጋ ለሜዲኬር ተጠቃሚ በወር ከ35 ዶላር እንዳይበልጥ ተወሰነ፤ ከ2025 ጀምሮም አንድ ሰው በክፍል ዲ ለተሸፈኑ መድኃኒቶች በዓመት ከኪሱ የሚከፍለው ጣሪያ ተበጀለት፤ ጣሪያውም በዚያ ዓመት 2,000 ዶላር ነበር።

ሜዲኬይድ የችግረኛ መድን ነው። የፌዴራሉ መንግሥትና ስቴቶች በጋራ ይከፍሉታል፤ ስለዚህ ደንቡ ከስቴት ስቴት ይለያያል። ገቢው ዝቅተኛ የሆነ አረጋዊ ሁለቱንም በአንድነት ሊይዝ ይችላል፤ ያን ጊዜ ሜዲኬር ሳይከፍል የሚቀረውን ሜዲኬይድ ይሞላል። ጨርሶ ድኃ ላልሆነ፣ ግን ኑሮ ላጠረው ደግሞ ስቴቱ የክፍል ቢን መዋጮ የሚከፍልበት «ሜዲኬር ሴቪንግስ ፕሮግራም»፣ እንዲሁም የመድኃኒት ወጪን የሚቀንስ «ኤክስትራ ሄልፕ» የሚባል ርዳታ አለ። ብዙ ወገኖቻችን እነዚህ ሁለቱ መኖራቸውን አያውቁም።

ወደ እኚያ አባት እንመለስ። የሆስፒታሉ መድን ዘግይቶ ለተመዘገበ ሰው እስከ ስድስት ወር ወደ ኋላ ተመልሶ ስለሚሠራ የአልጋው ዕዳ ተከፈለላቸው። የሐኪሞቹ ክፍያ ግን የክፍል ቢ ስለ ሆነ በእርሳቸው ላይ ቀረ። ለክፍል ቢ ለመመዝገብም እስከ ጃኑዋሪ መጠበቅ ነበረባቸው። በመዘግየታቸው በወር መዋጮው ላይ የ10 በመቶ ቅጣት ተጨመረባቸው፤ ይህም እስከ ዕድሜ ልካቸው አብሯቸው ይኖራል። ከገንዘቡ በላይ የሆነውን፣ የግራ እጃቸውን ነገር፣ ለእናንተ አስተያየት እንተወዋለን።

፬. በእርግጥ ይጠቅማልን?

ምሁራን ይህን ጥያቄ በጥንቃቄ መርምረውታል። በ2008 የኦሬጎን ስቴት ለ10,000 ያህል ችግረኛ ጎልማሶች የሚሆን የሜዲኬይድ ቦታ ብቻ ስለ ነበረው፣ ከተመዘገቡት 90,000 ያህል ሰዎች መካከል በዕጣ መረጠ። ተመራማሪዎች ዕጣ የደረሳቸውንና ያልደረሳቸውን ለሁለት ዓመት ያህል አነጻጸሩ። መድን ያገኙት ወደ ሐኪም መሄድ አዘወተሩ፤ ሳይታወቅ የኖረ የስኳር በሽታ ይበልጥ ተገለጠ፤ የመንፈስ ጭንቀት በ30 በመቶ ቀነሰ፤ ቤተሰብን የሚያፈርስ የሕክምና ዕዳም ከሞላ ጎደል ጠፋ። በደም ግፊትና በኮሌስትሮል ላይ ግን በሁለት ዓመት ውስጥ ጉልህ ለውጥ አልታየም። እውነቱን ሁሉ መናገር ተገቢ ስለ ሆነ ይህንንም አንሸሽግም። ካርዱ ደጁን ይከፍታል፤ መድኃኒቱን በሥርዓቱ መውሰድ፣ ጨው መቀነስና በቀጠሮ መገኘት የባለቤቱ ድርሻ ነው።

ሁለተኛው ምርመራ ይበልጥ ያስደንቃል። በ2017 የግብር መሥሪያ ቤቱ መድን ስላልነበራቸው ቅጣት ከከፈሉት ሰዎች መካከል በዕጣ ለተለዩ 3.9 ሚሊዮን ያህል ቤተሰቦች መድን እንዴት እንደሚገኝ የሚያስረዳ ደብዳቤ ላከ። ለቀሩት ግን አልተላከም። ከ45 እስከ 64 ዓመት ካሉት መካከል ደብዳቤው የደረሳቸው ሰዎች ይበልጥ መድን ገቡ፤ በሚቀጥሉት ሁለት ዓመታትም በደብዳቤው ምክንያት ከ1,648 ሰዎች አንድ ሞት ያህል ቀነሰ። አንድ ወረቀት፣ ያውም ከግብር ሰብሳቢ የመጣ፣ ሕይወት አተረፈ። እንግዲህ ከቅዳሴ በኋላ በአዳራሹ ውስጥ ወንድም ለወንድሙ የሚነግረው አንድ ቃል ምን ያህል ይሠራ ይሆን?

፭. ገደቡን ማወቅ

መድኑን ስናመሰግን የማይሸፍነውንም ማወቅ ይገባል።

አንደኛ፣ ሜዲኬር ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር ከአሜሪካ ውጭ ለተደረገ ሕክምና አይከፍልም። ለጥምቀት ወይም ለፋሲካ ወደ አገር ቤት የሚሄዱ አረጋውያን ለጉዞው የተለየ ኢንሹራንስ ቢገዙና በቂ መድኃኒት ቢይዙ መልካም ነው።

ሁለተኛ፣ መደበኛው ሜዲኬር የጥርስን፣ የመነጽርንና የመስሚያ መሣሪያን ዋጋ በአብዛኛው አይከፍልም። ለረጅም ጊዜ በነርሲንግ ሆም መጦርንም አይሸፍንም። ይህን የሚከፍለው ሜዲኬይድ ነው፤ በነርሲንግ ሆም ከሚኖሩት ከአሥሩ የስድስቱ ያህል ወጪ በእርሱ ይሸፈናል። ነገር ግን 55 ዓመት ከሞላው በኋላ እንዲህ የተጦረ ሰው ሲሞት ስቴቱ ከትቶት ከሄደው ንብረት ወጪውን ሊጠይቅ ይችላል። ቤት ያላቸው ቤተሰቦች ይህን አስቀድመው በሕግ ባለሙያ ያስመርምሩ።

ሦስተኛ፣ ወላጆቻችንን የሚመለከት ነው። በ1996 በወጣው ሕግ መሠረት በልጆቻቸው አማካይነት ግሪን ካርድ ይዘው የሚመጡ ወላጆች በአብዛኛው እስከ አምስት ዓመት ለፌዴራል ሜዲኬይድ ብቁ አይሆኑም፤ ለሕይወት አስጊ የሆነ ድንገተኛ ሕመም ግን በዚህ አይከለከልም። አምስት ዓመት በተከታታይ የኖረ የ65 ዓመት ባለ ግሪን ካርድ ሜዲኬርን በገንዘቡ መግዛት ይችላል፤ ግን በ2025 የክፍል ኤ ብቻ ሙሉ ዋጋ በወር 518 ዶላር ነበር። እናቱንና አባቱን የሚያስመጣ ልጅ ከአውሮፕላኑ ቲኬት በፊት ይህን ያስብ።

አራተኛ፣ በጁላይ 4 ቀን 2025 የተፈረመው ሕግ የስደተኞችን መብት አጥብቧል። ግሪን ካርድ ያልያዙ ስደተኞችና ጥገኝነት የተሰጣቸው ሰዎች ከእንግዲህ ለሜዲኬር ብቁ እንዳይሆኑ ደንግጓል፤ ለፌዴራል ሜዲኬይድም ከኦክቶበር 1 ቀን 2026 ጀምሮ እንዲሁ። ስለዚህ ግሪን ካርድ ለማመልከት ጊዜው ደርሶ ሳለ «ነገ አደርገዋለሁ» እያላችሁ የቆያችሁ ሁሉ፣ ነገን አትጠብቁ።

«ሜዲኬይድ ብወስድ ወረቀቴ ይበላሽ ይሆን?» የሚለውም ስጋት ብዙ ሰው አስፈርቷል። በስደተኝነት የገቡና ጥገኝነት የተሰጣቸው ሰዎች ለግሪን ካርድ ሲያመለክቱ «የመንግሥት ሸክም ትሆናለህ» ከሚለው ጥያቄ በሕግ ነፃ ናቸው፤ ባለ ግሪን ካርድ ለዜግነት ሲያመለክትም ይህ ጥያቄ አይቀርብበትም። በቤተሰብ በኩል የሚያመለክቱ ግን ደንቡ ስለሚለዋወጥ የሕግ ባለሙያ ያማክሩ፤ የመንገድ ወሬ አይስሙ።

፮. ምን እናድርግ?

64 ዓመት የሞላው ሁሉ የሚከተለውን ይያዝ። የመመዝገቢያው ጊዜ ሰባት ወር ነው፤ 65 ዓመት ከሚሞላበት ወር ሦስት ወር ቀድሞ ይከፈታል፤ ከዚያ ወር በኋላ ሦስት ወር ቆይቶ ይዘጋል። ጡረታ መቀበል የጀመረ ሰው ካርዱ በራሱ ይመጣለታል፤ ያልጀመረ ግን ራሱ ለሶሻል ሴኩሪቲ መሥሪያ ቤት ማመልከት አለበት። እኚያ አባት የተሰናከሉት እዚህ ላይ ነው። እርሱ ወይም የትዳር ጓደኛው 20 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ባለው ድርጅት እየሠራ መድን ያለው ሰው ያለ ቅጣት መቆየት ይችላል፤ ሥራው ሲቆም ግን በስምንት ወር ውስጥ መመዝገብ ይኖርበታል። ከሥራ በኋላ ከኪስ እየተከፈለ የሚቀጥለው «ኮብራ» የሚባለው መድን ለዚህ አይቆጠርም።

ቀኑ ያለፈበትም ተስፋ አይቁረጥ። ከጃኑዋሪ 1 እስከ ማርች 31 በየዓመቱ መመዝገብ ይቻላል። ገቢው ዝቅተኛ ሆኖ ስቴቱ መዋጮውን የሚከፍልለት ሰው ደግሞ የመዘግየቱ ቅጣት ይነሣለታል። በየስቴቱ ስለ ሜዲኬር በነፃ የሚያማክሩ ሰዎች አሉ፤ በ1-800-633-4227 ደውሎ አስተርጓሚ መጠየቅም ይቻላል።

ልጆችም ድርሻ አላችሁ። የወላጆቻችሁን ፖስታ ክፈቱ፤ ሜዲኬይድ በየጊዜው የሚልከው የማደሻ ደብዳቤ ሳይመለስ ቢቀር መድኑ ይቋረጣል። ለሐኪም ግን እናንተ አታስተርጉሙ፤ እናት በልጇ ፊት የማትናገረው ሕመም አለ። የመንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል አስተርጓሚ በነፃ የማቅረብ ግዴታ አለበትና ጠይቁ። ከሁሉ በፊት ደግሞ የክኒኑን ብልቃጥ ተመልከቱ፤ ሊያልቅ የሚገባው መድኃኒት ካላለቀ ምክንያቱን በፍቅር ጠይቁ።

በመጨረሻ ስለ ኀፍረቱ አንድ ቃል እንጨምር። ደጉ ሳምራዊ የቆሰለውን ሰው አክሞ ብቻ አልሄደም፤ ለእንግዳ ማረፊያው ባለቤት ሁለት ዲናር ሰጥቶ፣ ቢጎድልም እከፍላለሁ ብሎ፣ የሕክምናውን ወጪ አስቀድሞ አደላደለ። ቁስለኛውም «አልፈልግም» ሲል አልተጻፈም። መስጠት ክብር እንደ ሆነ ሁሉ፣ በጊዜው መቀበልም ትሕትና ነው። ወጣቱ ዛሬ የሚከፍለው ለአባቱ ነው፤ ነገ ደግሞ ልጁ ይከፍልለታል።

እኚያ አባት ዛሬ በከዘራ ይሄዳሉ። መድኃኒታቸውን ሳይከፍሉ ሙሉውን ይወስዳሉ። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በአዳራሹ በር አጠገብ ተቀምጠው፣ ፀጉሩ የሸበተውን ሁሉ እየጠሩ «ዕድሜህ ስንት ደረሰ?» ይላሉ። ጥያቄው ለአንዳንዶች ነውር መስሏቸው ነበር። አሁን ግን ምክንያቱን ስለምታውቁ፣ ሲጠይቋችሁ እውነተኛውን ዕድሜያችሁን ንገሯቸው።